ፊደል ይዛችሁ የእንግሊዝኛ ቃል ለምታስሱ፣ ከባሕር ዳር ጥቆማ

የእህቴ ልጅ ስድስተኛ ክፍል ናት። ባለፈው አንድ የቤት ሥራ ይዛ መጣች፤ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች ተከታትለው የሚገኙባቸውን 15 የእንግሊዝኛ ቃላት ጻፉ ይላል። «አምጪው፣ ይሄማ ምን አላት» አልኳት። ስድስት ላይ ድርቅ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እልህ ሆነብኝና ከተማው ውስጥ ያገኘሁትን አማራጭ ሁሉ ስሞክር ከረምኩ። እናንተም እንደኔ ብር እንዳታቃጥሉ ልንገራችሁ።

ገንዘቤን የበላው አንድ ሞባይል ቤት ነው። «በሰጠኸው ፊደል ቃል የሚያወጣ አፕ አለ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ብሎ 100 ብር ተቀበለኝ። ቤት ገብቼ ዳታ ሳጠፋ አፑም አብሮ ጠፋ። ዳታ ስከፍት ደግሞ አንድ ቃል ለማየት ሁለት የጨዋታ ማስታወቂያ፤ የቀን ጥቅሌን ጥርግ አድርጎ ጠጣው። ተመልሼ ሳማርር «ወንድሜ፣ የኛ ሥራ መጫን ብቻ ነው» አለኝ። ከብሩ በላይ ያናደደኝ ግን አፑ የጠየቅኩትን አለመመለሱ ነው። አራቱን ፊደላት ስሰጠው እነሱን ብቻ እያገላበጠ አጫጭር ቃላት ያወጣልኛል። እኔ የፈለግኩት በውስጣቸው አራቱን የያዙ ረጃጅም ቃላት! ስለዚህ ምንም ከመጫናችሁ በፊት የራሳችሁን ጥያቄ ለዩ፦ ፊደላቱን ብቻ ማገላበጥ ነው? የትም ቦታ ይኑሩ ነው? ወይስ እንደ እህቴ ልጅ ተያይዘው ይምጡ ነው? ሦስቱ ለየቅል ናቸው።

አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ጋም ሄድኩ። «ጋሼ፣ ፊደል ብሰጠው ቃል የሚያወጣልኝ መዝገበ ቃላት ይኖራል?» ስላቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ መዝገበ ቃላት እኮ በሩ በመጀመሪያው ፊደል በኩል ብቻ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ያገለገለ ኦክስፎርድ ገዝቼ አልተቆጨሁም፣ ምክንያቱም ቃሉን ማግኘት አንድ ነገር፣ ማንበብ ሌላ። ከአራቱ ፊደላት ጂ እና ኤች «ስሩ» ማለትም በኩል ላይ ዝም ይላሉ፣ «ራፍ» ማለትም ሻካራ እና «ኮፍ» ማለትም ሳል ላይ ደግሞ እንደ ኤፍ ይነበባሉ። ልጅቷ ዝርዝሩን ይዛ ክፍል ፊት ብትቆም ጉድ ይፈላ ነበር።

ኢንተርኔት ካላችሁ የኔ ምርጫ ዋንሉክ የሚባለው ድረ ገጽ ነው። ነፃ ነው፣ ምንም አይጫንም። የጥያቄ ምልክት አንድ ፊደልን ይተካል፤ ኮከብ ምልክት ደግሞ የፈለገውን ያህል ፊደል፣ ባዶም ቢሆን። እኔ ኮከብ፣ አራቱን ፊደላት፣ ከዚያ ሌላ ኮከብ ጻፍኩና 15ቱ ሞልቶ ተረፈ። ቃሉ አምስት ፊደል ሆኖ ውስጡ ዋይ እንዲኖርበት ከፈለጋችሁ አምስት የጥያቄ ምልክት፣ ኮማ፣ ከዚያ ዋይን በሁለት ኮከብ መሃል። ቢጠቅምም ብዙ እንግዳ ቃል ይደባልቃል፤ ልጅ ብቻውን አትተዉት።

ኔትወርክ ለሚያስቸግራችሁ ደግሞ ኢኔብል የሚባል የቃላት ዝርዝር አለ። ከ170 ሺህ በላይ ቃል ይዞ 2 ሜጋባይት አይሞላም፣ ባለቤትነት የሚጠይቅበትም የለም። አንዴ አውርዳችሁ በቴሌግራም ተቀባበሉት። ጽሑፍ ፋይል ስለሆነ «ፈልግ» የሚለውን መጠቀም ነው። ይሄ ለተያያዙት ነው እንጂ ለተበታተኑት አይሆንም። ለተበታተኑት አንድ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ጥቂት መስመር ጻፈልኝ፤ ዋጋው አንድ ማኪያቶ።

እሱው ልጅ ያሳየኝን የወረቀት ዘዴ ግን ከሁሉም ወደድኩት። ይሄ ፊደላቱን ብቻ ለማገላበጥ ነው፦ የቃሉን ፊደላት በኤ ቢ ሲ ቅደም ተከተል ትደረድራላችሁ። «ሊሰን» ማለትም ማዳመጥ ሲደረደር ኢ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቲ ይሆናል። «ሳይለንት» ማለትም ዝምተኛስ? ያው! ደብተር ላይ በተደረደረው መልክ እየመዘገባችሁ ከሄዳችሁ በአንድ ሰበዝ ሁለት ሦስት ቃል ይሰካል። ኮምፒውተሩም ውስጥ ለውስጥ የሚሠራው ይሄንኑ ነው አለኝ።

ለጨዋታ ስክራብል፣ ማለትም ፊደል እየደረደሩ ቃል በመሥራት ነጥብ የሚያዝበትን፣ ፈልጌ ዋጋው አልተዋጠልኝም። በካርቶን ቆርጬ ሠራሁ፣ ነፋስ ግማሹን ጣና ሐይቅ ውስጥ ከተተው። አሁን የሃይላንድ ክዳን ነው የምንጠቀመው። ካፌዎች ብትጠይቁ በፌስታል ይሰጧችኋል። 100 ክዳን ያስፈልጋል፦ ኢ 12፣ ኤ እና አይ 9 9፣ ኦ 8፣ ኪው እና ዜድ አንድ አንድ፣ ሁለት ባዶ፤ ሌላው እንደየድርሻው። በማርከር ስትጽፉ ክዳኑን መጀመሪያ በደንብ አድርቁት፣ አለዚያ ይለቃል።

እሁድ ሐይቁ ዳር ዘርግተን ልጅቷ ኪው ደረሳት፣ ዩ የላትም። ብዙ አሰበችና ኪው፣ ኤ፣ ቲ ብላ ደረደረች፤ 12 ነጥብ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች እህቴ። «ጫት ነው እማ፣ በእንግሊዝኛ ይፈቀዳል።» እህቴ ዞራ እኔን አፈጠጠችብኝ። ጤፍም ብርም ይፈቀዳሉ ብዬ ላረጋጋት ሞከርኩ፣ አልሰማችኝም።