የጭላዳ ደረት ለምን ቀላ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ደርቆ ለዕይታ የቆመ ወንድ ጭላዳ አይቼ፣ በሰሜን ተራሮች ፎቶግራፎች ላይ ደም የሚመስለው የደረቱ ራቁት ቆዳ እዚህ ደብዝዞ አገኘሁት። ቀለሙ የት ሄደ? ደግሞስ ብዙ ዝንጀሮዎች የሚቀላው መቀመጫቸው ሆኖ ሳለ፣ ጭላዳ ምልክቱን ደረቱ ላይ ለምን አወጣ?

መላሽ አንድ፦
ቅላቱ ከቆዳው ሥር በሚዘዋወረው ደም የሚመጣ እንጂ እንደ ላባ ቀለም በቆዳው ውስጥ የተቀመጠ ስላልሆነ፣ እንስሳው ሲሞት አብሮ ይጠፋል። ቦታውን በተመለከተ፣ ጭላዳ የቀኑን ብዙ ሰዓት ተቀምጦና እየተንፏቀቀ ሣር የሚነጭ በመሆኑ መቀመጫው ላይ ያለ ምልክት ለማንም አይታይም ነበር፤ ማብራሪያው መላ ምት ቢሆንም እኔን ያሳምነኛል።

መላሽ ሁለት፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ። በሰሜን ተራሮች በተካሄደ ጥናት፣ ሴቶችን ይዘው ቡድን የሚመሩ ወንዶች ደረት ቡድን ከሌላቸው ወንዶች ይልቅ ቀይ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ተፎካካሪ ሳይጣላ በፊት የባላንጣውን አቅም ከሩቅ ሊገምት ይችላል ማለት ነው። በሴቶቹ ደግሞ ቆዳውን እንደ ጨሌ የሚከብቡት እብጠቶች ከመራቢያ ዑደታቸው ጋር ይለዋወጣሉ።

መላሽ ሦስት፦
ተመልካቹንም አንዘንጋ። የአፍሪካና የእስያ ጦጣዎችና ዝንጀሮዎች እንደ እኛ ሦስት ዓይነት የቀለም ተቀባይ ሕዋሳት ሲኖሯቸው፣ አብዛኞቹ አጥቢዎች ያሏቸው ሁለት ብቻ ናቸው። ለጭላዳ ጎልቶ የሚታየው ቅላት ለሚያድነው ነብር እምብዛም አይለይም።