የሙዚቃ ፋይል መጠባበቂያ ደብረ ብርሃን ላይ፦ ምን ልግዛ፣ በምን ልገልብጥ?

የጠባሴው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወደ 380 ጊጋ ሙዚቃ አለኝ፤ ከካሴት በዌቭ (ባልታመቀ የድምፅ ፋይል) የተቀዳ፣ ከአይቲዩንስ (ከአፕል የሙዚቃ መሸጫ) የተገዛ፣ በአፕል ሙዚክ (በወርሃዊ ክፍያ) የወረደ ተደባልቋል። ያለው አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። መብራቱ ይሄዳል ይመጣል፣ ኢንተርኔቱ ይህን ሁሉ ክላውድ ላይ ለመጫን አያስችልም። 2 ቴራ የሚል ርካሽ ፍላሽ አይቻለሁ፣ ይሆናል?

ጓሳ፦
ፍላሹን ተወው፣ በዚያ ዋጋ 2 ቴራ የለም። ፎርጅድ ፍላሽ እውነተኛ መጠኑ ሲሞላ መገልበጡን አያቆምም፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የገዛኸውን ሁሉ ኤችቱቴስት (H2testw) በሚባል መፈተኛ ፕሮግራም ፈትን፤ እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል።

ከዚያ የራስህንና የኪራዩን ለይ። አይቲዩንስ ላይ ዘፈኑን ራይት ክሊክ አድርገህ በመረጃው ውስጥ «ፋይል» የሚለውን ታብ እይ። «ፐርቼዝድ» ካለ ያንተ ነው፣ የትም ይጫወታል። «ፕሮቴክትድ» የሚለው እንደ ፈረንጆቹ ከ2009 በፊት የተሸጠ ባለ ቁልፍ ነው፣ ማለትም ያለ ገዛህበት አካውንት አይጫወትም። «አፕል ሙዚክ» ካለ ወርሃዊ ክፍያው ሲቋረጥ አይከፈትም፤ እሱን መገልበጥ ቦታ ማባከን ነው። የገዛኸው ፊልም ካለም ቁልፍ አለበት፣ ያለ አካውንቱ አይጫወትም።

ቅድሚያ ለካሴቱ ስጥ፤ ሌላው ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፣ ካሴት ግን እያረጀ ይሄዳል። ዌቭ በደቂቃ 10 ሜጋ ገደማ ይበላል። ፍላክ ወደሚባለው የታመቀ የድምፅ ፋይል ቀይረው፣ ድምፁ ሳይቀንስ ግማሽ ያህል ይሆናል። ኤምፒስሪ ለስልክ እንጂ ለመጠባበቂያ አይደለም።

ቀወት፦
ባለ 1 ቴራ ትንሹን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሁለት ግዛ። ትልቁ ባለ አዳፕተሩ መብራት ሲሄድ መሃል ላይ ይቆረጣል፤ ትንሹ ከላፕቶፑ ባትሪ ስለሚበላ ይቀጥላል (ባትሪህ ደህና ከሆነ ማለቴ ነው)። ፎርማት ስታደርገው ከሚመጡት የፎርማት ዓይነቶች ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) የሚለውን ምረጥ፤ ድንገት ቢነቀል ከኤክስፋት (exFAT) ይሻላል።

ቴራኮፒ በሚባለው መገልበጫ ፕሮግራም ገልብጥ፣ «ቬሪፋይ» (ማረጋገጫ) የሚለውን ሳትረሳ። በዩኤስቢ 3፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊው ቀዳዳ ነው፣ 380 ጊጋ ከነማረጋገጫው ሁለት ሰዓት አልፎ ይወስዳል። ቀጥሎ ለሚጨመረው ፍሪፋይልሲንክ የሚባለውን ማመሳሰያ ፕሮግራም ተጠቀም፣ ግን «ሚረር» ሳይሆን «አፕዴት» ላይ። ሚረር ላፕቶፑ ላይ በስህተት የጠፋውን ከመጠባበቂያውም ያጠፋዋል።

ዲስኩን ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ እንዳትሰካ። ፎልደሮችህ ሾርትከት ሆነው ካገኘሃቸው ቫይረስ ነው፤ አትክፈታቸው፣ ፎርማትም አታድርግ። ፋይሉ አልጠፋም፣ ተደብቋል፤ በአንቲቫይረስ አጽዳና የተደበቀውን አሳይ።

የጠባሴው፦
አመሰግናለሁ። ሁለተኛውን ዲስክ መሃል ሜዳ ዘመድ ቤት ላስቀምጥ? ወይስ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዲስክ) ይሻል ይሆን?

ጓሳ፦
ማስቀመጡ ችግር የለውም፣ እዚያ ማሠራቱ ግን ያሳስባል። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በስስ አየር ላይ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ መረጃው ወደተጻፈበት ሳህን ይጠጋል። ብዙ አምራቾች ሲሠራ የሚፈቅዱት ከባሕር ወለል በላይ እስከ 3,050 ሜትር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ ስለሆነ ይበቃዋል፣ መሃል ሜዳ ግን ከ3,000 በላይ ነው፣ ጠርዝ ላይ። ስለዚህ ማዘመን ስትፈልግ ወደ ደብረ ብርሃን አምጣው። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስታስገባው በፌስታል እንደተጠቀለለ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ፣ ካለበለዚያ ጤዛ ይይዛል።

ኤስኤስዲ ከፍታ አይነካውም፣ ግን ለዓመታት ሳይሰካ ከቆየ መረጃው ሊጠፋ ይችላል። ለላፕቶፑ ጥሩ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ለሚቀመጥ አልመርጠውም።