ፋይሉ እያለ ኮምፓይለሩ «የለም» ይለኛል፣ ምን ላድርግ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ? ሐዋሳ ነኝ፣ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ከጀመርኩ አንድ ወር ሆኖኛል። ትንሽ ጌም ልሥራ ብዬ ሬይሊብን (ለጌም የሚሆን ዝግጁ ኮድ፣ ላይብረሪ የሚሉት) አወረድኩና ዴስክቶፕ ላይ ኒው ፎልደር ውስጥ ፈታሁት። ጂሲሲ (ኮዴን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር) ግን ሬይሊብ ነጥብ ኤች የሚባል ፋይል የለም ይላል። አለ እኮ፣ በዓይኔ እያየሁት! ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፣ ዊንዶውስ 10። አንድ የቆየ ኮምፓይለር ተጭኖበት ነው የገዛሁት፣ እኔ ደግሞ አዲስ ጂሲሲ የሚመጣበትን ኤምሲስ2 ጨመርኩበት። መብራቱ መጣ ሄደ ሲል ሁለት ቀን ታገልኩ።

የፒያሳ ልጅ፦
ቀላል ነው እህቴ። ሬይሊብ ውስጥ ኢንክሉድና ሊብ የሚባሉ ፎልደሮች አሉ፣ እነሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ኮምፓይለሩ ፎልደር ውስጥ ገልብጪው። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው።

ታቦር ሥር፦
ኧረ ተይው! ለዛሬ ይሠራል፣ ኮምፓይለሩን የቀየርሽ ቀን ግን የቱ ፋይል የማን እንደሆነ ይጠፋሻል። ኮምፓይለሩ ላፕቶፑን ሙሉ አይፈትሽም። በያንሳልና በይበልጣል ምልክት መሃል የጻፍሽውን ሄደር (እንደ ሬይሊብ ነጥብ ኤች ያለውን ፋይል) በሚያውቃቸው ፎልደሮች ብቻ ይፈልጋል፤ በጥቅስ ምልክት ከጻፍሽው ግን መጀመሪያ ኮድሽ ያለበትን ፎልደር ያያል። ስለዚህ ጂሲሲን የምትጠሪበት ትእዛዝ ላይ ንገሪው። ሰረዝ ትልቁ አይ፣ ከዚያ የኢንክሉድ ፎልደሩ አድራሻ። ሰረዝ ትልቁ ኤል፣ ከዚያ የሊብ ፎልደሩ። ሰረዝ ትንሹ ኤል ደግሞ ሌላ ነው፣ እሱን የሚከተለው የላይብረሪው ስም ነው፦ ሬይሊብ፣ ቀጥሎ ኦፕንጂኤል32፣ ጂዲአይ32፣ ዊንኤምኤም። እነዚህ ከኮድ ፋይልሽ ስም በኋላ ይምጡ፣ ሊንከሩ (ኮድሽን ከላይብረሪው ጋር የሚያያይዘው) ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ቀድመው ከመጡ ሳይፈልጋቸው ያልፋቸዋል። ኒው ፎልደር የሚለው ስም መሃል ያለው ክፍተትም ያጣላሻል፣ አንድ ቃል አድርጊው።

ጀማሪዋ፦
ያኛው ኢረር ጠፋ፣ ተባረክ! አሁን ደግሞ ሊንከሩ «አይስማማኝም» ብሎ ላይብረሪውን ይዘለውና ወዲያው «ሬይሊብን አላገኘሁትም» ይላል። ይቀልዳል እንዴ?

ማታ ማታ፦
አይቀልድም። ያወረድሽው ለ64 ቢት ይመስለኛል፣ እየሠራ ያለው ጂሲሲ ግን ያ የቆየው፣ የ32ቱ ነው። ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበት የዊንዶውስ መስኮት) ላይ ዌር ጂሲሲ ብለሽ ጻፊ (ፓወርሼል ላይ አይሆንም)። ሁለት መስመር ካወጣ ሁለት ጂሲሲ አለሽ ማለት ነው፣ የሚሠራው የላይኛው ነው። ይሄ እንግዲህ ፓዝ ነው፣ ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚፈልግበት ዝርዝር፤ ከላይ ከተባለው የሄደርና የላይብረሪ መንገድ ጋር አታምታቺው። ፓዝ ደግሞ የሲስተም አለ፣ የዩዘር አለ፣ ሲስተሙ ይቀድማል። የቆየው እዚያ ካለ አዲሱን ዩዘሩ ላይ አናት ላይ ብታስቀምጪውም ዋጋ የለውም። እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አቃጥያለሁ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ የተቀጣጠርናቸው ልጆች እስካሁን ያሙኛል። የቆየውን ከፓዙ አንሺው፣ ኤምሲስ64 ውስጥ ዩሲአርቲ64፣ እሱ ውስጥ ቢን የሚለውን አስገቢ። ከዚያ ሲኤምዲውን ዘግተሽ እንደገና ክፈቺ፣ ቀድሞ የተከፈተው የድሮውን ፓዝ እንደያዘ ነው።

ጀማሪዋ፦
ሁለት መስመር ነበር፣ የቆየው ከላይ! ሲስተሙ ላይ ተደብቆ። አነሳሁት፣ አሁን መስኮቱ ተከፍቶ ኳሷ እየነጠረች ነው።

የፒያሳ ልጅ፦
እኔም ዌር ጂሲሲ ብዬ አየሁ። ሦስት መስመር ወጣ። የቱን ነው የማነሳው?