ፓይሞል ላይ 27 የዶኪንግ ፖዞችን በግሩፕ ማደራጀት

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጫት ውስጥ ያሉትን ካቲኖን፣ ካቲንና ኖርኤፌድሪን 4ኤም48 (የፍሬ ዝንብ ዶፓሚን አጓጓዥ ፕሮቲን መዋቅር) ላይ በቪና ዶክ አድርጌያለሁ፤ ማለትም ፕሮቲኑ ላይ እንዴት እንደሚገጥሙ በፕሮግራም አስልቻለሁ። ለእያንዳንዳቸው 9 ፖዝ (የአቀማመጥ አማራጭ) ስላለ በፓይሞል (ሞለኪውል በሚያሳየው ፕሮግራም) በቀኝ በኩል ያለው ዝርዝር 27 ስም ሆነብኝ። ሴሌክሽን ሠርቼ ላጠፋቸው ብሞክር ስሙን ስጫን የሚጠፉት ሮዝ ነጥቦቹ ብቻ ናቸው። ምን ይሻላል?

መላሽ 1 (ሐረር)፦
አቦ፣ ሴሌክሽን ለአተሞች የወጣ ስም እንጂ መያዣ አይደለም። ኦብጀክቶችን (የተጫኑትን ሞለኪውሎች) የሚይዘው ግሩፕ ነው። ትእዛዞቹን በንባባቸው ጻፍኳቸው፤ አንተ በላቲን ፊደል ጻፋቸው (ካት_አውት ያልኩት የካቲኖንን የቪና ውጤት ነው)፦

ስፕሊት_ስቴትስ ካት_አውት, ፕሪፊክስ=ካት_ፒ
ዲሊት ካት_አውት
ግሩፕ ካቲኖን, ካት_ፒ*

የመጀመሪያው ከካት_ፒ0001 እስከ ካት_ፒ0009 ያወጣልሃል። ዋናው ኦብጀክት ግን አብሮ ይቀራል፤ ካልሰረዝከው ፖዞቹ ተደራርበው ይታያሉ። ለሌሎቹ ሁለቱም እንዲሁ።

ጥንቃቄ፦ ግሩፑን «ዲሊት» ካልከው አባላቱም አብረው ይሰረዛሉ። ፖዞቹ ቀርተው ግሩፑ ብቻ እንዲፈርስ «ግሩፕ ካቲኖን, አክሽን=ኤክሳይዝ» በል። መብራት ሳይሄድብህ ደግሞ በሴሽን ፋይል (ፒኤስኢ) አስቀምጠው፤ ፒዲቢ (የአተሞች ፋይል) አድርገህ ብታስቀምጠው ግሩፑ አይቀመጥም።

መላሽ 2፦
ከመከፋፈልህ በፊት «ሴት ግሩፕ_ኦቶ_ሞድ, 2» ብትል ደግሞ የግሩፕ ትእዛዙም አያስፈልግህም። ፕሪፊክሱን (የስሞቹን መነሻ) በነጥብ ጨርሰው፣ «ካት.» ብለህ፤ ከነጥቡ በፊት ያለው ራሱ የግሩፑ ስም ይሆናል። ከተከፋፈለ በኋላ ብታዘው ግን የወጡትን ስሞች አይሰበስባቸውም።

ፕሮቲኑንም አትርሳው። 4ኤም48 ክሪስታል የሆነው ከፀረ እንግዳ አካል ቁራጭ (ፋብ) ጋር ስለሆነ ኤል እና ኤች ቼይኖች (የፕሮቲን ሰንሰለቶች) አጓጓዡ አይደሉም። «ኤክስትራክት ፋብ, ቼይን ኤል+ኤች» ብለህ ለያቸውና አጥፋቸው፤ አስፓርቴት 46 (አንዱ አሚኖ አሲድ) ያለበትን፣ ሞለኪውሎቹ የሚገጥሙበትን ኪስ ያለ ግርግር ታያለህ።

ጠያቂ፦
ሠራ፣ አመሰግናለሁ! አንድ ነገር ብቻ፦ የካቲንን ግሩፕ አጥፍቼ 3ኛውን ፖዝ ብቻ ሳበራ ምንም አይታይም።

መላሽ 1፦
ግሩፑ ከጠፋ አባሉ ቢበራም አይታይም። ግሩፑን አብራውና ውስጡ ያሉትን «ዲስኤብል ካቲን_ፒ*» ብለህ አጥፋ፣ ከዚያ 3ኛውን ብቻ አብራ። ወይም «ኢኔብል ካቲን_ፒ0003, ፓረንትስ=1»፤ ይኼ ግን ቀድሞ በርተው የነበሩትን ወንድሞቹንም ይዞ ይመጣል።