የዕቅድ ውይይት፦ የማኅበሩ የጋራ ማግኔቲክ ፊልተር

የቪዲዮ ንዑስ ኮሚቴ አስተባባሪ፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርበውን የፊልተር ግዢ ሐሳብ እዚሁ አብረን እንጻፈው። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደግሞ ሰርግ በሰርግ ላይ ነው። ዕቃው ከዚያ በፊት እጃችን መግባት አለበት።

ማግኔቲክ ፊልተር ማለት ሌንሱ ላይ በሚታሰር ቀለበት ላይ በማግኔት የሚለጠፍ መስታወት ነው። ለምን ማግኔቲክ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ከዚራ ሰፈር ሰርግ እየቀረጽኩ ነበር። ቤት ውስጥ ዝግጅቱን ያለ ፊልተር ጨረስኩ። ሙሽሮቹ ሲወጡ ውጭው የስድስት ሰዓት የድሬ ፀሐይ ነው። የሚጠመዘዘውን ኤንዲ፣ ብርሃን የሚቀንሰውን ጥቁር መስታወት፣ ላስገባ ስል ጥርሱ ተንጋዶ ገባና ነከሰ። ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለኝ። ላቤ በጣቶቼ መሀል ይንሸራተታል። ቀና ስል ሙሽራዋ መኪናው ውስጥ ገብታለች። እናቷ ደጃፉ ላይ ቆመው የመረቋት ምርቃት በሙሉ አመለጠኝ። እንደገና መርቁልኝ አይባል ነገር! እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ጥርት ባለ ሰማይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100 ይዘን፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 16 ላይ ሹተሩ 1/100 ሰከንድ አካባቢ ነው። ሙሽሮቹን ከኋላቸው ካለው ነገር ለይተን ለማውጣት ኤፍ 2.8 ከከፈትን 5 ስቶፕ ተጨማሪ ብርሃን ይገባል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው)፤ ሹተሩም 1/3200 ይደርሳል። በሰከንድ 25 ፍሬም ስንቀርጽ ግን የምንፈልገው 1/50 ነው። እንቅስቃሴው ለዓይን የሚለሰልሰው እዚያ ነው። የመብራታችን ኃይልም 50 ኸርዝ ስለሆነ አዳራሽ ስንገባ አምፖሉ አይርገበገብብንም። ከ1/3200 ወደ 1/50 ለመውረድ 6 ስቶፕ መቀነስ አለብን። ያ ማለት ብርሃኑን 64 ጊዜ የሚቀንሰው ኤንዲ 64 ነው። ሎግ፣ ማለትም ቀለሙ በኋላ በኤዲቲንግ የሚስተካከለውን ደብዛዛ ምስል፣ የምትቀርጹ ደግሞ መነሻችሁ አይኤስኦ 800 ከሆነ ሌላ 3 ስቶፕ ይጨመርባችኋል። ኤንዲ 64 ላይ ኤንዲ 8 ስትደርቡ 512 ይመጣል፣ 9 ስቶፕ። በሁለት መስታወት ሦስት ደረጃ አገኘን፦ 3፣ 6 እና 9። የሚጠመዘዘውን መደረብ ጣጣ ነው። በማግኔት ግን ጠቅ፣ ጠቅ ነው።

ረቂቅ 1፦ ማኅበሩ ለ82 ሚሊሜትር የሌንስ ፊት ስፋት የሚሆን ማግኔቲክ የኤንዲ ስብስብ ይግዛ። ሌንሱ ላይ የሚታሰረውን ቀለበት እያንዳንዱ አባል በራሱ ወጪ ይግዛ።

አስተያየታችሁን አምጡ።

የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ

አቦ ሐሳቡ በጣም ደስ ይላል። እኔ ግን ቫሪያብል ኤንዲ፣ ጥቁረቱ በማዞር የሚስተካከለው፣ ይሁን ባይ ነኝ። ጊምባል፣ ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ የሚይዘውን መሣሪያ፣ ይዤ ሙሽሮቹን ከመኪና እስከ አዳራሽ ስከተል መስታወት የምቀይርበት ጊዜ የለኝም። ደመና መጣ፣ ዛፍ ጥላ ውስጥ ገቡ፣ ጫፉን በጣቴ ዞር ማድረግ ነው። ጊምባል ላይ መስታወት ሲቀየር ደግሞ ክብደቱ ትንሽ ቢሆንም ሚዛኑ ይነካል። አንድ ቫሪያብል ለአንድ ሰው ይበቃል።

ፎቶግራፈር፣ ሐረር

የወንድሜን ጭንቀት እረዳለሁ። ግን ቫሪያብል ምን እንደሆነ ልብ እንበል። ሁለት ፖላራይዘር ናቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ የሚዞር። ከልክ በላይ ሲጨልም ምስሉ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ይመጣል። በሰፊ ሌንስ ስታነሱ ይብሳል። ሌላው ነገር የቆዳ ወዝ ነው። ፖላራይዘር ነጸብራቅ ስለሚበላ ሙሽራ ተቀብታና አምራ ወጥታ ፊቷ አመድ የነፋበት ሊመስል ይችላል። ያንን በኤዲቲንግ መመለስ አይቻልም።

የእኔን ሥራ ልንገራችሁ። ጁገል ውስጥ ስዞር መኪና ግርግር የሚባለው ጠባብ መንገድ ጥላ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ በራቸው ላይ፣ ማሽናቸው ሲንቀረቀር፣ ያለ ምንም ፊልተር አነሳለሁ። ትንሽ ወጣ ብዬ ፈረስ መጋላ ስደርስ ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን ነው። ማግኔት ለእኔ የሚጠቅመኝ እዚህ ላይ ነው። መልሼ ወደ ጠባቡ መንገድ ስገባ ነቅዬ ኪሴ ነው የምከተው።

ስለዚህ ስብስቡ ውስጥ አንድ ለብቻው የሆነ ፖላራይዘር ይግባ፣ ሲፒኤል የምንለው። የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲዎች የሚያነሳ ሰው ያውቀዋል። የፊት መስታወቱ ላይ ሰማዩ ተኝቶ ሾፌሩ አይታይም። ሲፒኤሉን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩት ሰማዩ ከመስታወቱ ላይ ተጠርጎ ይሄድና የሾፌሩ ፊት፣ መሪው፣ ከመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው መቁጠሪያ ሳይቀር ብቅ ይላል። ለሙሽራ መኪናም ያው ነው። ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን እንደሚወስድ ብቻ አስቡ።

ሰማይ ለማጥቆር ግን ቀትር ላይ ብዙ አትጠብቁበት። ፖላራይዘር በደንብ የሚሠራው ከፀሐይ 90 ዲግሪ በሚርቀው የሰማይ ክፍል ላይ ነው። እኛ ጋ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ያ ክፍል ወደ አድማሱ ይወርዳል። ጠዋትና ማታ ይሻላል።

የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ

የቆዳውን ነገር እውነት ብለሻል እህቴ። ባለፈው ያስረከብኩት አንድ ሥራ ላይ አይቼው ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። እሺ፣ ለሁሉም ሰው ቫሪያብል ማለቴን ትቻለሁ። ግን አንድ ይግባልን። ከ2 እስከ 5 ስቶፕ ብቻ የሚዞርና ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ የሚቆም ዓይነት ካገኘን መስቀሉም አይመጣም። ለጊምባል ብቻ።

ገንዘብ ያዥ

ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛ፣ ማግኔት ሚሞሪ ካርድ ያጠፋል ሲባል እሰማለሁ። የሰው ሰርግ ጠፋ ማለት የማኅበሩ ስም ጠፋ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ለምን አንድ ብራንድ ላይ እንጣበቃለን? ሰው ካለው እየቀጠለ ቢገዛ ወጪው ይቀንሳል።

የቪዲዮ ንዑስ ኮሚቴ አስተባባሪ፣ ድሬዳዋ

ሚሞሪ ካርድ በማግኔት አይጠፋም። መረጃ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ነው። የሚጎዳው ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር ያለው የባንክ ካርድ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክም ማግኔት ባይቀርበው ይመረጣል። ስለዚህ ፊልተሩ ከዋሌትና ከሃርድ ዲስክ በተለየ ኪስ ይቀመጥ። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ካለ ደግሞ ደረት ኪሱ ውስጥ አይያዘው። ይህ በመመሪያው ይጻፍ።

አንድ ብራንድ ያልኩት የግድ ስለሆነ ነው። ኬዝ፣ ፍሪዌል፣ ኬ ኤንድ ኤፍ እና ሌሎቹም ማግኔቲክ ፊልተር አላቸው። ግን የአንዱ መስታወት በሌላው ቀለበት ላይ በትክክል ይቀመጣል ተብሎ አይታመንም። የቀለበቱ ከንፈር ጥልቀትና የማግኔቱ ቦታ ይለያያል። እኔ ፊልተር ሳበድርህ ቀለበትህ ላይ ካልገጠመ የጋራ ንብረት ማለት ምኑ ላይ ነው? 82 ያልኩትም ለዚህ ነው። 67ም 72ም 77ም ያለው ሌንስ በማሳደጊያ ቀለበት 82 ይሆናል። ትልቁን ማሳነስ ግን ማዕዘኑን ያጠቁርብናል።

ነባር አባል፣ ፎቶ ቤት፣ ድሬዳዋ

ልጆቼ፣ በፊልም ዘመን ጀምሬ እስከ ዛሬ እዚሁ ድሬ የሠራሁ ሰው ነኝና ስለ አሸዋው ልናገር። ከእናንተ አንዱ ማግኔቲክ ፊልተሩን አውሶኝ ደቻቱ ወረድኩ። ወንዙ ደርቆ ነበር። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ላነሳ ጎንበስ ስል የካሜራው ማንገቻ ፊልተሩን ጠርዙ ላይ መታው፤ ወደቀ። መስታወቱ አልተሰበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳነሳው ግን ዙሪያው ጥቁር ጢም አብቅሏል። አሸዋው ውስጥ ያለው ብረትማ ብናኝ በሙሉ ማግኔቱ ላይ ቆሟል። በመሀረብ ብጠርገው ይዞራል እንጂ አይለቅም። በብሩሽም ሞከርኩ። በመጨረሻ ሱቅ ገብቼ ስኮች ገዛሁና ዙሪያውን እየለጠፍኩ እየነቀልኩ አጸዳሁት። ያንን ሳያዩ መልሰው ሌንስ ላይ ቢገጥሙት ብናኙ በቀለበቱና በመስታወቱ መሀል ገብቶ ይፍቃል።

ከዚህ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። ማግኔት ፊት ለፊት ሲጎትቱት ጠንካራ ነው። በጎን ሲመታ ግን ይለቃል። ቁልቢ ላይ ያለውን ግፊያ ታውቁታላችሁ። ሐረር የሹዋሊድ በዓል ላይም እንደዚያው ነው፤ በ2023 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ደግሞ ካሜራው በዝቷል። በእንደዚህ ያለ ቦታ የሚጠመዘዝ ይሁን፣ ወይም መቆለፊያ ያለው ዓይነት ይፈለግ። ሰገነት ላይ ሆናችሁ ከሥር ሰው ካለ ፈጽሞ በማግኔት አትሥሩ። መስታወት ሰው ላይ ቢወርድ ምን እንላለን?

ሌላው ክዳን ነው። ቀለበቱ ከታሰረ የቀድሞው የሌንስ ክዳን ላይገጥም ይችላል። የማግኔት ክዳን አብሮ ይገዛ። የድሬን አቧራ ያለ ክዳን አንችለውም።

ፎቶግራፈር፣ ሐረር

ጋሼ፣ የስኮቹ ዘዴ ወርቅ ነው። ዛሬውኑ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባለሁ።

አዲስ አባል፣ ድሬዳዋ

እኔ ያለኝ አንድ ትንሽ ሌንስ ነው፣ 49 ነው የሚለው። 82 ስገጥምበት ሳህን የተሸከመ አይመስልም ወይ? ደግሞ የፀሐይ መከለያው አይገባም። እኔም በዚህ ውስጥ አለሁበት?

የቪዲዮ ንዑስ ኮሚቴ አስተባባሪ፣ ድሬዳዋ

አለህበት እንጂ ወንድሜ! መዋጮ እኩል ከከፈልክ መብትህም እኩል ነው። ትልቅ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። መከለያው አለመግባቱ እውነት ነው፤ የሁላችንም ችግር ነው። ፀሐይ በጎን ስትመጣ በእጅ ወይም በካርቶን መከለል ይኖርብናል። ለሌንስህ የሚሆነውን ቀለበት ማኅበሩ በብድር ይግዛልህና ከመጀመሪያው ሥራህ ትመልሳለህ። ጋሼና ገንዘብ ያዣችን ከተስማሙ ረቂቁ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ

ተስማምቻለሁ። ግን ዕቃው ሳይፈተሽ ክፍያ እንዳይፈጸም። የርክክብ መዝገብም ይኑረው። ማን ወሰደ፣ መቼ መለሰ፣ ጭረት አለው የለውም።

ነባር አባል፣ ፎቶ ቤት፣ ድሬዳዋ

ለልጁ ይገዛለት። እኔም የጀመርኩት በሰው ካሜራ ነው።

ፎቶግራፈር፣ ሐረር

ፍተሻውን እኔ ልሥራው። ቀላል ነው። ነጭ አንሶላ ቀትር ላይ ውጭ እሰቅላለሁ። የቀለም ሚዛኑን፣ ዋይት ባላንሱን፣ በቁጥር አስሬ መጀመሪያ ያለ ፊልተር፣ ከዚያ በየአንዳንዱ አነሳለሁ። አንሶላው ቡና ወይም አረንጓዴ ከመሰለ ተመላሽ ነው። ጥቁር ሱፍ ኮትም እሰቅላለሁ። አንዳንድ ከባድ ኤንዲ የሚታየውን ብርሃን አግዶ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ያሳልፋል። ያኔ የሙሽራው ጥቁር ኮት ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። ኤንዲ 64 ብቻውንም፣ ከ8 ጋር ተደርቦም ይፈተን። ሲደረብ ነው ጉዱ የሚወጣው። በሰፊ ሌንስም አራቱን ማዕዘን አያለሁ።

የቪዲዮ ንዑስ ኮሚቴ አስተባባሪ፣ ድሬዳዋ

እግዜር ይስጥሽ። እንግዲህ እስካሁን የተባለውን ሰብስቤ እንዲህ ጽፌዋለሁ። የምትቀይሩት ካለ እስከ ዓርብ።

ረቂቅ 2፦ ማኅበሩ ከጋራ ተቀማጩ የአንድ ብራንድ፣ ባለ 82 ሚሊሜትር ማግኔቲክ ፊልተር ሁለት ስብስብ ይግዛ፤ አንዱ ድሬዳዋ፣ አንዱ ሐረር ይቀመጥ። በየስብስቡ ኤንዲ 8፣ ኤንዲ 64፣ አንድ ሲፒኤልና የማግኔት ክዳን ይኑር። ለጊምባል የሚሆን፣ ከ2 እስከ 5 ስቶፕ የሚዞር አንድ ቫሪያብል ድሬዳዋ ይቀመጥ፤ ሐረር ሲያስፈልግ ይላክ። ቀለበት በየአባሉ ወጪ ይገዛል፤ ለማይችል አባል ማኅበሩ ያበድራል። ክፍያ የሚፈጸመው ሐረር ላይ በነጭ አንሶላና በጥቁር ኮት ከተፈተነ በኋላ ነው። ከሥር ሰው ባለበት ከፍታ ላይ ማግኔቲክ ፊልተር አይገጠምም። ግፊያ ባለበት በዓል የሚጠመዘዝ ወይም የሚቆለፍ ብቻ ይሠራበታል። በእያንዳንዱ ቦርሳ ውስጥ ስኮች ይኑር።

አሁን የምፈልገው የየሌንሳችሁን ቁጥር ነው። ሌንሱ ፊት ላይ ወይም የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ክብ ሆና መሀሏ መስመር የተሰመረባት ምልክት አለች። ከእሷ ጎን ያለውን ቁጥር እዚህ ጻፉልኝ። የትኩረት ርቀቱን አይደለም፤ 50 ብላችሁ ከጻፋችሁ ምናልባት ተሳስታችኋል።

የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ፣ ድሬዳዋ

77 እና 82።

ፎቶግራፈር፣ ሐረር

67፣ 72። ሁለተኛው ቁጥሩ ተፍቆ ነበር፣ በማስመሪያ ለካሁት። ነገ ፎቶ ቤት ወስጄ አረጋግጣለሁ።

ነባር አባል፣ ፎቶ ቤት፣ ድሬዳዋ

52 እና 77። የ52ቱ የድሮው ነው፣ ግን አሁንም ይሠራል።

አዲስ አባል፣ ድሬዳዋ

49። አመሰግናለሁ።