ለ2 ዓመት ልጅ የሚወዛወዝ የእንጨት ፈረስ፦ ቅስቱን በስንት ልቁረጠው?

ጥያቄ፣ ከሐዋሳ መናኸሪያ
ሰላም ባለሙያዎች። 2 ዓመት ለሞላት ልጅ የሚወዛወዝ ፈረስ እየሠራሁ ነው። መቀመጫውና አንገቱ 3 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ዋንዛ ነው። መሬት የሚነኩትን ሁለት ቅስቶች ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቆርጫለሁ፤ ርዝመት 80 ሴ.ሜ፣ ራዲየስ 50። መቀመጫው ከመሬት 36 ሴ.ሜ ነው። ገፋ ሳደርገው ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይቃጣዋል፤ ሴራሚክ ላይ ደግሞ እየዞረ ቦታውን ይለቃል። ቅስቱን ልቀይር ወይስ መቀመጫውን ዝቅ ላድርግ? ቀለሙስ? ልጅቷ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ነው።

መልስ፣ ከታቦር
ሁለቱንም ወንድሜ፤ ግን ዋናው ጥፋት ቅስቱ ላይ ነው። ልጅቷ ስትቀመጥ የሷ የክብደት መሃል ከመሬት 55 ሴ.ሜ ገደማ ይሆናል፣ ቅስትህ የተቆረጠበት ክብ መሃል ግን 50 ላይ ነው። የክብደቱ መሃል ከሥር ወደ ክቡ መሃል በተጠጋ ቁጥር ፈረሱ ራሱን የመመለስ ኃይል ያጣል፤ ካለፈው ይገለበጣል። ራዲየሱን 110፣ ርዝመቱን 90 አድርገው፤ ጫፎቹ ከመሬት 9.6 ሴ.ሜ ከፍ ይላሉ። መቀመጫውን 29 ላይ አውርደው፣ እግሯ መሬት መንካት አለበት።

ክቡን በሲባጎ አትሳል፣ ይለጠጣል። ቀጭን ጣውላ ላይ 110 ሴ.ሜ የተራራቁ ሁለት ቀዳዳዎች ብሳ፤ በአንዱ ምስማር፣ በሌላው እርሳስ። ሁለቱን ቅስቶች በሞርሳ አጣብቀህ አንድ ላይ ሙረዳቸው። አንዱ ከሌላው በ2 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢለይ ፈረሱ ይዞራል፤ ያንተ ቦታ የሚለቀው በዚህ ይመስለኛል።

ከጫፎቹ 6 ሴ.ሜ ገባ ብለህ ከሥር 2 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው እንጨት ግጠም፤ ውዝዋዜው 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል። በሁለቱ ቅስቶች መካከል ከውጭ እስከ ውጭ ከ30 ሴ.ሜ አታሳንስ፣ ወደ ጎን ይወድቃል።

መልስ፣ ከሐይቅ ዳር
ብሎኑን በኮምፔንሳቶው ጠርዝ አታስገባ፤ ንብርብሩ ይሰነጠቃል። ከውስጥ ጥጉ ላይ 3 በ3 ሴ.ሜ የዋንዛ ቁራጭ በኮላ ለጥፈህ ብሎኑን እዚያ ውስጥ አሳልፍ። ለ4 ሚሊ ሜትር ብሎን አስቀድመህ በ3 ሚሊ ሜትር ብሳ። ኮላው ሳይደርቅ፣ ማለትም 24 ሰዓት ሳይሞላ፣ ማንም አይቀመጥበት።

ለመንሸራተቱ፦ ከብስክሌት ከመነዳሪ 2 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጠህ በማስቲሽ ለጥፍ። ሁለቱንም ወገን ቀብተህ፣ እጅ መያዝ ሲያቆም ተጫነው። ምስማር እንዳትመታበት፣ ሴራሚኩን ይቧጥጣል።

መልስ፣ ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ቀለም ከፈለግክ እርሳስ የሌለበት የሚል ጽሑፍ ቆርቆሮው ላይ ፈልግ። እኔ ግን ለዋንዛ ሰም ነው የምመርጠው፤ የእንጨቱን መልክ አድምቆ ያወጣዋል። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ 120፣ 180 አስተካክል። በእርጥብ ጨርቅ ዳሰው፣ ሲደርቅ ፀጉሩ ይነሳል፣ በ180 ደግመው። ከዚያ 1 እጅ ንጹሕ ሰም ከ4 እጅ የተልባ ዘይት ጋር፣ ጣሳውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አድርገህ አቅልጥ። ስስ አድርገህ ቀባ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ጥረግ። ሁለተኛውን የምትደርበው መጣበቁን ሲያቆም ነው፤ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል።

እባክህ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ አትጣል። ተልባ ሲደርቅ ስለሚሞቅ ጨርቁ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ደጅ ዘርግተህ አድርቀው።

ጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሮጌዎቹን ቅስቶች ሙርጄ ወደ 110 ማምጣት አልችልም?

ከታቦር
አይሆንም፤ በ80 ሴ.ሜ ርዝመት መሃሉ ላይ 12.5 ሴ.ሜ መነሳት አለበት፣ ቅስትህ ያን ያህል እንጨት የለውም። ለአዲሶቹ 90 በ40 ሴ.ሜ ኮምፔንሳቶ ይበቃሃል። አሮጌዎቹን ለማቆሚያዎቹ ቁረጣቸው።