ለማንኛውም ዳታ የሚሆን አንድ የሶርት ፈንክሽን በሲ፦ ትልልቅ ቁጥሮች ላይ ይዛባብኛል

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሲ ቋንቋ አንድ ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) እየጻፍኩ ነው። መጀመሪያ ለኢንት አሬይ (ለሙሉ ቁጥሮች ዝርዝር) የሚሆን ሶርት፣ ማለትም መደርደሪያ ፈንክሽን፣ ጻፍኩ። ቀጥሎ ለስትራክት (የተለያዩ ዳታዎችን አንድ ላይ ለሚይዝ ዓይነት) አስፈለገኝ፤ ያንኑ ኮድ ገልብጬ ዓይነቱን ብቻ ቀየርኩ። ከዚያ ደግሞ ለስሞች ዝርዝር። አሁን ሦስት መንታ ፈንክሽን አለኝ፤ አንዱን በነካሁ ቁጥር ሁለቱንም መንካት አለብኝ። ስለዚህ ወደ አንድ ላጠቃልላቸው ፈለግኩ።

አዲሱ ፈንክሽን አራት ነገር ይቀበላል፦ የአሬዩን መነሻ በቮይድ ፖይንተር (ዓይነቱ ያልተነገረ የሜሞሪ አድራሻ)፣ የኤለመንቶቹን ብዛት፣ የአንዱን ኤለመንት መጠን በባይት፣ እና ሁለት ኤለመንት የሚያወዳድር ፈንክሽን (ኮምፓሬተር)። ትንንሽ ቁጥሮችን ያለ እንከን ይደረድራል። 2000000000 እና −2000000000 አንድ ላይ ሲገቡበት ግን ኔጌቲቩ ከኋላ ይመጣል። ኮምፓሬተሩ ከመጀመሪያው ላይ ሁለተኛውን ቀንሶ ውጤቱን ይመልሳል፤ ብዙ ቦታ ያየሁት እንደዚያ ነው። የስሞቹ ደግሞ ጭራሽ ቅጥ አምባሩ የጠፋ ነው። ለእነሱ ስትርኮምፕን፣ ሁለት ጽሑፍ የሚያወዳድረውን የሲ ፈንክሽን፣ በቀጥታ ነው የሰጠሁት። ሶርቱ ውስጥ የሳትኩት ነገር አለ?

ፈጣን_መልስ፦

ለምን አዲስ ትጽፊያለሽ? ስታንዳርድ ላይብረሪው ውስጥ ኪውሶርት የሚባል መደርደሪያ አለ። የሚቀበለውም እነዚያኑ አራት ነገሮች ነው። እሱን ጥሪና ተገላገይ።

ነባሩ_ሲ፦

ኪውሶርትን ብትጠሪም ሁለቱም ችግር ተከትሎሽ ይመጣል። ከነገርሽን ተነስቼ ሶርትሽ ደህና ይመስለኛል። የተሳሳተ ወሬ የሚያቀብሉት ኮምፓሬተሮቹ ናቸው።

ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ አስይው። 2000000000 ሲቀነስ −2000000000፣ 4000000000 ይሆናል። 32 ቢት ኢንት የሚይዘው እስከ 2147483647 ነው። ከዚያ ሲያልፍ የሲ ስታንዳርድ ምንም ዋስትና አይሰጥሽም። በተግባር ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ይዞርና −294967296 ሆኖ ይወጣል። ኔጌቲቭ መልስ ደግሞ «የመጀመሪያው ያንሳል» ማለት ነው። ሶርቱም የተነገረውን አምኖ ሁለት ቢሊዮንን ከፊት አስቀመጠው። ትንንሽ ቁጥሮች ላይ ይህ ስለማይታይ የመቀነሱ ዘዴ ከኮድ ወደ ኮድ ሲገለበጥ ይኖራል። በጣም የምጠላው ልማድ ነው።

አትቀንሺ፣ አወዳድሪ። ሲ ውስጥ የማወዳደር ውጤት 1 ወይም 0 ነው። «ሀ ከለ ይበልጣል» ከሚለው ውጤት ላይ «ሀ ከለ ያንሳል» የሚለውን ውጤት ቀንሺ። ከ1፣ ከ0 እና ከ−1 ሌላ ሊወጣ አይችልም። አንድ መስመር ነው፤ ለየትኛውም የኢንት መጠን ይሠራል።

ወደ ስሞቹ ስንመጣ፣ አሬይሽ ውስጥ የተቀመጡት ፊደሎቹ ሳይሆኑ የፊደሎቹ አድራሻዎች ናቸው። ሶርቱ ለኮምፓሬተሩ የሚሰጠው የኤለመንቱን አድራሻ ነው። ስለዚህ የሚደርሰው የአድራሻ አድራሻ ነው። ስትርኮምፕ ይህንን አያውቅም፤ የፖይንተሩን ባይቶች እንደ ፊደል እያነበበ ያወዳድራል። አንዲት አጭር ፈንክሽን ጻፊ፤ የመጣላትን ቮይድ ፖይንተር ወደ ፖይንተር ፖይንተር ቀይራ፣ አንድ ደረጃ ወርዳ፣ ከዚያ ስትርኮምፕን ትጥራ። ኮምፓይለሩ አስጠንቅቆሽ በካስት (ዓይነቱን በግድ በመቀየር) ዝም አሰኝተሽው ከሆነ ካስቱን አንሺው። ትክክል ነበር የሚነግርሽ።

አሁን አጥብቄ ልነግርሽ የምፈልገው። ለሁሉም የሚሆን ሶርት ምን እየደረደረ እንደሆነ አያውቅም። ዓይኑን የታሰረ ሰው ነው፤ ባይት ያንቀሳቅሳል፣ የቀረውን ኮምፓሬተሩን ይጠይቃል። ስለዚህ ላይብረሪሽ ውስጥ ከሶርቱ ኮድ እኩል መጨነቅ ያለብሽ ለኮምፓሬተሩ ውል ነው። ሀ ከለ ካነሰ ለ ከሀ መብለጥ አለበት። ሀ ከለ፣ ለ ከመ ካነሰ፣ ሀ ከመ ማነስ አለበት። አንድ ነገር ከራሱ ጋር ሲወዳደር መልሱ 0 ነው። እኩል የተባሉትም እርስ በርሳቸው ሁሉ እኩል መሆን አለባቸው። ይህንን ሄደር ፋይሉ ላይ፣ ከፈንክሽኑ በላይ በኮሜንት ጻፊው። ተጠቃሚው ሌላ ቦታ ሄዶ አያነብም።

የመጨረሻዋን ነጥብ ቀላል እንዳታደርጊያት። ዳብል (የአስርዮሽ ቁጥር) ስትደረድሪ ናን፣ «ቁጥር አይደለም» የሚል ልዩ ዋጋ፣ ሊመጣ ይችላል። ናን ከምንም አይበልጥም፣ ከምንም አያንስም። ከላይ ያልኩሽ መስመር ከሁሉም ጋር 0 ያወጣለታል። እንግዲህ 1 ከናን እኩል፣ ናን ከ2 እኩል፣ 1 ግን ከ2 ያንሳል። ውሉ ፈረሰ። ናን ሁሌም ከኋላ ይሁን ብለሽ ለብቻው ወስኚለት።

ጃቫ_ቤት፦

ይሄ የሲ ብቻ ጣጣ አይደለም። ጃቫ ከ7ኛው ቨርዥን፣ ከ2011 ጀምሮ፣ ኦብጀክቶችን የሚደረድረው በቲምሶርት ነው። ቲም ፒተርስ በ2002 ለፓይተን የሠራው አልጎሪዝም ነው። እሱ ከገባ በኋላ ለዓመታት ሲሠሩ የኖሩ ኮዶች ድንገት ኤክሴፕሽን መወርወር ጀመሩ፤ መልእክቱም ኮምፓሬተሩ ውሉን ጥሷል የሚል ነው። ድሮም ጥሰው ነበር፤ የቀድሞው ሶርት ግን ምንም ሳይል ያልፋቸው ነበር። ደግሞ ቲምሶርትም ሁልጊዜ አይዝም። ዳታው አጋጣሚ ሆኖ ሲያጋልጠው ነው። እኛ ቤትም ኮድ ሪቪው ላይ ኮምፓሬተር ውስጥ መቀነስ ካየን እናስመልሳለን።

ጀማሪዋ፦

ጋሼ ነባሩ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ሁለቱም ተስተካከለ። ካስቱም እውነትም ነበረ፤ እንዴት እንዳወቁብኝ ገርሞኛል። ሁለት ነገር ልጨምርብዎት። እኩል ነጥብ ያላቸው ሰዎች በስም ተደርድረው ነበር፤ በነጥብ ስደረድራቸው የስሙ ቅደም ተከተል ይጠፋል። ደግሞ ተጠቃሚው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ብሎ እንዲመርጥ እፈልጋለሁ። ምርጫውን ለኮምፓሬተሩ የማደርስበት መንገድ አጥቼ ግሎባል ቫሪያብል (ከየትኛውም የኮዱ ቦታ የሚነካ) አደረግኩት።

ነባሩ_ሲ፦

የመጀመሪያው ስቴቢሊቲ የሚሉት ነው፤ እኩል የሆኑት የቀድሞ ቅደም ተከተላቸውን ይዘው መቆየታቸው። ኪክሶርት የሚባለው የመደርደሪያ ዘዴ ሩቅ ለሩቅ ስለሚያቀያይር የእኩልዮችን ቅደም ተከተል አይጠብቅም። የስታንዳርዱ ኪውሶርትም ቃል አይገባልሽም። ስሙ ያሳስታል እንጂ ኪክሶርት እንዲሆን እንኳ ስታንዳርዱ አያስገድድም፤ ስለ ፍጥነቱም ምንም አላለም። ሜርጅሶርት (ከፋፍሎ እየደረደረ የሚያዋህድ ዘዴ) ካደረግሽው ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል፤ ዋጋው ተጨማሪ ሜሞሪ ነው። ሜሞሪ ካነሰሽ ስትራክቱ ውስጥ የመጀመሪያ ቦታውን ቁጥር አስገቢና ነጥብ እኩል ሲሆን በሱ ይለዩ። ላይብረሪው የሌሎች ሰዎች እንዲሆን ከፈለግሽ እኔ ሜርጅሶርቱን እመርጣለሁ። ሰው በስም ደርድሮ ቀጥሎ በነጥብ ሲደረድር ስሙ እንዲጠበቅለት ይጠብቃል፤ መብቱም ነው።

ግሎባሉን ዛሬውኑ አውጪው። ሁለት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጡ የፕሮግራሙ ክፍሎች) በአንድ ጊዜ ሲደረድሩ አንዱ የሌላውን ምርጫ ይቀይርበታል። ለሶርቱ አምስተኛ ነገር ጨምሪለት፤ አንድ ቮይድ ፖይንተር፣ ሶርቱ ሳይነካው ለኮምፓሬተሩ የሚያቀብለው። ምርጫሽን እዚያ ውስጥ ላኪ። ኪውሶርት ይህ የለውም፤ ከጊዜ በኋላ እያንዳንዱ ሲስተም በየፊናው ጨመረው። በግሊብሲ (በሊኑክስ የተለመደው የሲ ላይብረሪ) ኮምፓሬተሩ ያንን ፖይንተር ሦስተኛ አድርጎ ይቀበላል፣ በማይክሮሶፍት ደግሞ አንደኛ። ለሁለቱም የሚሆን አንድ ኮድ መጻፍ እስከዛሬ ያስቸግራል። አንቺ ገና ተጠቃሚ ሳይኖርሽ አስገቢው፤ በኋላ ለመጨመር የሁሉንም ሰው ኮድ መስበር ነው።

ፈጣን_መልስ፦

እሺ፣ አምስተኛው ፖይንተርና ስቴቢሊቲው ካስፈለጋት የራሷን መጻፏ ልክ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ብትሆን ኖሮ ግን ሁለቱም ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። የዚያ ሶርት ቴምፕሌት (ለየዓይነቱ ለብቻው የሚተረጎም ኮድ) ስለሆነ ኮምፓይለሩ ኮምፓሬተሩን እዚያው ሶርቱ ውስጥ አስገብቶ ይተረጉመዋል፤ በፖይንተር እየተጠራ ጊዜ አይፈጅም።

ነባሩ_ሲ፦

እውነት ነው፤ ለኢንት አሬይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። እሷ ግን በሲ ነው የምትጽፈው።

ጀማሪዋ፣ ከመልቀቅሽ በፊት ባዶ አሬይ ስጪው። ብዛቱን ሳይዝቲ (ኔጌቲቭ የማይይዝ የሙሉ ቁጥር ዓይነት) አድርገሽ ከሆነና ኮድሽ የሆነ ቦታ «ብዛት ሲቀነስ 1» የሚል ከሆነ፣ ብዛቱ 0 ሲሆን ውጤቱ −1 አይደለም። በ64 ቢት ማሽን 18446744073709551615 ነው፤ ሉፑም እስከዚያ ልሂድ ይላል። ፈንክሽኑ ሲጀምር ብዛቱ ከ2 ካነሰ ወዲያው ይመለስ። ከዚያ አንድ ኤለመንት፣ ሁሉም እኩል የሆነ፣ የተደረደረ፣ ተገልብጦ የተደረደረ፣ እንዲሁም ትንሹና ትልቁ ኢንት አንድ ላይ ያሉበትን ሞክሪ። ስትራክትሽም መጠኑ 4 ወይም 8 ያልሆነ አንድ ይኑርበት፣ ለምሳሌ 13 ባይት የሆነ የካር (የባለ አንድ ባይት ፊደል) አሬይ ብቻ የያዘ። ባይት ማንቀሳቀሻው ላይ ስህተት ካለ እዚያ ይወጣል።